የጅምላ ቢራና የአባቴ ቃል

ባሕር ዳር፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ የብርጓል፤

አዲሱን ዓመት ጁባ ላይ እንዴት ተቀበሉት? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ሱቅዎ ሁሉ ደህና ይሁንልኝ። እኔና ባለቤቴ ሰገነት በእመቤታችን ጥበቃ አለን። በስልክ መነጋገሩ ይቀል ነበር፤ እርስዎ ግን «የስልክ ወሬ ሰምቼ እረሳዋለሁ፣ ደብዳቤ ትራሴ ሥር ያድራል» ስላሉኝ ይኸው ጽፌ ለቴዎ ሰጠሁት። ያ ልጅ ዕቃ ይዞ በእናንተና በእኛ መካከል ባይመላለስ ምን እንሆን ነበር?

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ከተቀነሱት አንዱ መሆኔን ነግሬዎት ነበር። በላኩልኝ ገንዘብ አሮጌ የጭነት ባጃጅ ገዝቼ ቢራ ቤት ለቤት ማድረስ ከጀመርሁ አራት ወር ሆነኝ። ትእዛዝ አልጠፋም። ምርቃት ነው፣ ክርስትና ነው፣ ሰው ይደውላል። የጠፋው ዕቃው ነው። የቢራ ፋብሪካው ወኪል አከፋፋይ ዘንድ ስሄድ «ባዶህስ?» ይሉኛል። ባዶ ሳጥን ከነጠርሙሱ ያላስረከበ ሙሉ ሳጥን አያገኝም። ባዶ ለማግኘት ደግሞ አስቀድሞ ሙሉውን መሸጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከወኪሉ ከወሰደ ሰው ላይ እገዛለሁ፤ ትርፉ እሱ ዘንድ ይቀራል፣ ለእኔ የሚተርፈኝ ላቡ ነው። እርስዎ በዚህ ንግድ አሥራ ሦስት ዓመት ቆይተዋልና ይምከሩኝ።

አባባ ለዘመን መለወጫ ከደቅ ደሴት መጥተው ነበር። የላኩትን መነጽር ሰጠኋቸው፤ ልካቸው ነው። ሰላምታዎንም አድርሻለሁ። «እህቴን እግዚአብሔር ይጠብቃት፤ ስሟ ከጸሎቴ ተለይቶ አያውቅም» ብለዋል።

እጅ የሚነሳዎት ልጅዎ ሣህሉ

---

ጁባ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሣህሉ፤

ሰላምህ እንደ ጣና ውሃ ይብዛ፤ ሰገነትን አቅፈህ ሳምልኝ። ቴዎ ደብዳቤህን የሰጠኝ ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ ነው። ከፈትሁትና ወንድሜ ያለውን ሳነብ ደንበኞቼን ትቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። «ስሟ ከጸሎቴ ተለይቶ አያውቅም።» እውነት እንዲህ አለ? አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ያልላከልኝ ሰው! እግዚአብሔር ይስጥህ፤ አንተ ባትኖር ይህን ሳልሰማ እሞት ነበር።

አሁን ወደ ንግዱ ልመልስህ። ባዶ ሳጥን ከሚሠራ ግሮሰሪ አትፈልግ፤ ለራሱም አይበቃው። የሚዘጋ ግሮሰሪ ፈልግ። ሰው ሊለቅ ሲል ሳጥኑ ሸክም ይሆንበታል፣ በርካሽ ይሰጥሃል። ሁለተኛ፣ ከባለቤቱ ይልቅ መጋዘኑን የሚቆልፈውን ሰው እወቅ። ባለቤቱ የለም ሲል እንኳ መጋዘን ውስጥ ያለውን የሚያውቀው ቁልፍ የያዘው ነው። በጉቦ አይደለም የምልህ፤ በሰዓቱ በመድረስ፣ ባዶህን አጥበህ በማምጣት፣ ጠርሙስ ባለመስበር። ሦስተኛ፣ የምትረከበውን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንሥተህ እይ፤ ክዳኑን እይ፣ ቀኑን እይ። ፀሐይ የዋለበትን አትንካ። ርካሽ ቢራ የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ነገር የሆነ ቢራ ነው ያለው።

አሁን ደግሞ የእኔን ጉዳይ ስማኝ። ለትንሣኤ ልመጣ አስቤያለሁ። ግን እናታችንን የቀበርን ዕለት በሰው ፊት «ኮማሪት ሆነሽ አዋረድሽኝ፤ ከእንግዲህ በደጄ እንዳትደርሺ» ብሎኛል። አልረሳሁትም፤ እሱም የረሳው አይመስለኝም። ብመጣ ያስገባኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ። እንዲያው በዘዴ ሳይሆን በቀጥታ ጠይቅልኝ።

አክስትህ የብርጓል

---

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነውና አይቀየሙኝ። እኛ ደህና ነን፤ የእርስዎ ደህንነት ግን ከእኛ ይቀድማል።

ምክርዎ ሠራልኝ። ወደ ሽምብጥ አንድ ግሮሰሪ ሊዘጋ መሆኑን ሰምቼ ሄድሁ፤ አርባ ባዶ ሳጥን ይዤ ወጣሁ። የወኪሉን መጋዘን የምትይዘው እናትዓለም የምትባል ቁጡ ሴት ናት። የመጀመሪያ ቀን ሳጥኖቼን ገልብጣ አየቻቸውና «ታጥበዋል!» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ስሜን ታውቀዋለች። ነገር ግን በአርባ ሳጥን ለሠርግ ወር አልደርስም። የጥር ሠርግ ሊመጣ ነው። ሌላ የሚዘጋ ሆቴል አለ፤ ሳጥኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለሚያነሣለት እሰጣለሁ ብሏል። ትንሽ ቢያግዙኝ ብዬ ነው።

መሸንቲ ላይም ሀዲስ የሚባል ነጋዴ ባዶ ሳይጠይቅ በጅምላ እንደሚሸጥ ሰምቻለሁ። ዋጋውም ከወኪሉ ያነሰ ነው።

አባባን ጠይቄያቸዋለሁ። «ትምጣ፤ የአባቷ ቤት ነው» ብለዋል።

ልጅዎ ሣህሉ

---

ጁባ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሣህሉ፤

ልደትን በሰላም ያድርሳችሁ። ለሳጥኑ የሚሆነውን በቴዎ እጅ ልኬልሃለሁ። ለወንድሜ የጉልበት ማሻሻና ቀጭን ሹራብ አለበት፤ ደቅ ሌሊት ይበርዳል።

«ትምጣ፤ የአባቷ ቤት ነው» ያለውን በሚካኤል ማኅበራችን ላይ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። እዚህ ያለነው ሁሉ ከሰው የተጣላን፣ የሸሸን፣ ያፈርን ሰዎች ነን። ሴቶቹ እልል አሉልኝ። አንዷ «እኔንም ወንድሜ እንዲህ ባለኝ» ብላ አለቀሰች። የሱቁን ቁልፍ ለማን እንደምሰጥ አሁን እያሰብሁ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቅር አለኝ። ወንድሜ ብዕር የያዘ ሰው ነው፤ ድጓ በእጁ የጻፈ ሰው ነው። ለምን አንድ መስመር በራሱ እጅ አይጽፍልኝም? እጁ ይንቀጠቀጣል ወይ? ቢታመምም አትደብቀኝ።

የመሸንቲውን ሰው ተወው። ባዶ የማይጠይቅ ነጋዴ ዕቃው ከፋብሪካ ቀጥታ አልመጣለትም ማለት ነው። ከየት እንደመጣ የማታውቀውን ቢራ ለሰው ድግስ አታድርስ።

አክስትህ የብርጓል

---

ባሕር ዳር፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ የብርጓል፤

እንደ ልማዴ ጤናዎን ጠይቄ ብጀምር ደስ ባለኝ። ግን ጤናዎን የምጠይቅበት አፍ የለኝም። የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ፤ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ከጥምቀት በኋላ ሠርግ በሠርግ ሆነ። አቶ ቢያዝን የሚባሉ የኮሌጅ መምህር ሴት ልጃቸውን ለጥር 25 ሊድሩ ስልሳ ሳጥን አዘውኝ ነበር። የሠርጉ ሳምንት ወኪሉ ዘንድ ብሄድ መጋዘኑ ባዶ ነው። እናትዓለም «መንገድ ተዘግቶ መኪናው አልገባም፤ ለአቶ ቢያዝን ዛሬውኑ ንገራቸው፣ ሌላ ይፈልጉ» አለችኝ። ብነግራቸው ኖሮ ሰው ነበርሁ። «አልቻልሁም» ማለት አሳፈረኝና መሸንቲ ሄድሁ።

ሀዲስ መጋዘኑን ከፈተልኝ። ሳጥኖቹ አቧራ ለብሰዋል። አንድ ጠርሙስ አንሥቼ አየሁ፤ ቀኑ ያለበት ቦታ ተፍቋል። ሌላ አነሣሁ፤ እሱም ተፍቋል። «በጉዞ ተፋትጎ ነው» አለኝ። የእርስዎ ምክር ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ይሆናል። ትዝ ብሎኛል። ጫንሁት።

አሁን ሊያውቁት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። አባባ እኔ እስካሁን ፋብሪካው ውስጥ ንብረት ክፍል የምሠራ ነበር የሚመስላቸው። ቢራ እንደምሸጥ አልነገርኋቸውም። አቶ ቢያዝንም የማን ልጅ እንደሆንሁ አያውቁም። ለካ ባለቤታቸው የደቅ ተወላጅ ናቸው፤ ሙሽሮቹን እንዲመርቁና ቅኔ እንዲያበረክቱ አባባን፣ መሪጌታ ኪዳነ ወልድን፣ ከደሴቱ አስመጥተዋል።

እኔ ከዳሱ ጀርባ ሳጥን አወርዳለሁ። ምግቡ ቀርቦ ቢራው መከፈት ሲጀምር ማጉረምረም ሰማሁ። አንዱ እንትፍ አለ። የሙሽሪት አጎት ጠርሙስ ይዘው እየጮኹ መጡ።

«ይህን ያመጣው የታለ?»

«እኔ ነኝ» አልሁ። እየጎተቱ ዳሱ መሐል አቆሙኝ።

«ክዳኑ ዝጓል! ውስጡ ደፍርሷል! በልጃችን ሠርግ ሰው ልትገድልብን ነው? አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ቀና ስል አባባን አየኋቸው። ከካህናቱ መካከል ነጭ ጥምጥማቸውን እንደ ጠመጠሙ፣ ጉርሻቸውን እንደ ያዙ ያዩኛል።

«የማንም አይደለሁም» አልሁ።

አክስቴ፣ አባቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው «የማንም አይደለሁም» አልሁ። እንዳላዋርዳቸው ብዬ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። ፈርቼ ነው።

አባባ እንጀራውን መልሰው አኖሩና ተነሡ። «የእኔ ነው» አሉ። «የኪዳነ ወልድ ልጅ ነው። ጥፋቱን ለእኔ ንገሩኝ።»

አጎትየው ጠርሙሱን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። አባባ ጋቢያቸውን ለአንድ ዲያቆን ሰጡና ከየጠረጴዛው ሥር ሳጥን ማንሣት ጀመሩ። «ይተዉት አባታችን!» እያለ ሰው ሁሉ ይነሣል፤ አይሰሙም። ስልሳውንም አብረውኝ ጫኑ። ሠርጉ በጠላ ዋለ። ሦስት ሰው ሆዱን ታሞ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን በማግስቱ ተሻላቸው።

ባጃጁን ሐይቁ ዳር አቆምሁ። አባባ ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ፋብሪካውስ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ከወጣሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው።»

«ይህን ባጃጅ በምን ገዛኸው?»

«አክስቴ የብርጓል ልከውልኝ።»

ስምዎን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ። እኔም አንዴ ከጀመርሁ አይቀር ብዬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ለእርስዎም አሁን እነግርዎታለሁ። አባባ ስለ እርስዎ ምንም ብለው አያውቁም። ሰላምታዎን አንድም ቀን አላደረስሁም። መነጽሩን፣ የጉልበቱን ማሻሻ፣ ሹራቡን «እኔ ገዛሁልዎ» ብዬ ነው የሰጠኋቸው። «ስሟ ከጸሎቴ ተለይቶ አያውቅም» ያልሁት እኔ ነኝ። «ትምጣ» ያልሁትም እኔ ነኝ። መጀመሪያ እርስዎን ደስ ላሰኝ ብዬ ነበር። በኋላ ግን ደብዳቤ ስጽፍ የምጠይቀውን አስቀድሜ፣ የአባባን ቃል ከሥሩ አደርግ ነበር። ምን እንዳደረግሁ አውቃለሁ።

አባባ ይህን ሰምተው «ቢራ ብትሸጥ ምን ነበረበት» አሉ። «አንተ የእኔን ቃል ነው የሸጥኸው።»

ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ምን ብዬ ነበር በል? ድገምልኝ።»

ደገምሁላቸው። ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ማለት የነበረብኝን ነው ያልኸው» አሉ።

ከዚያ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ነገሩኝ። ቅኔ ቤት ሳሉ ጓደኞቻቸው አኩፋዳ ይዘው መንደር ለመንደር ሲለምኑ እሳቸው ለምነው አያውቁም ነበር አሉ። እርስዎ በአሥራ ሰባት ዓመትዎ ባሕር ዳር ወርደው ጠላ እየሸጡ ስንቅ ይልኩላቸው ነበር። «የእኔን ቅኔ የጠመቀችው እሷ ናት» አሉ። «መሪጌታ ተብዬ ስሾም ግን ሰው 'የኮማሪት ወንድም' ሲለኝ ከእሷ ማፈሩ ቀለለኝ። ያፈርሁት በእሷ አልነበረም፤ በበላሁት ነው።»

ቢራውን ጉድጓድ አስቆፍሬ ደፋሁት። አቶ ቢያዝንን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ የከፈሉትንም መለስሁ። ሀዲስ «አላውቅህም» አለኝ። ይቅር ይበሉኝ አልልም። እውነቱን ከእኔ እንዲሰሙ ብቻ ነው።

ሣህሉ

---

ጁባ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሣህሉ፤

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። መልስ ልጽፍ እየተቀመጥሁ እየተነሣሁ ነው እስካሁን የቆየሁት።

አልመጣም። የሱቁን ቁልፍ ሰጥቼ ነበር፤ መልሼ ተቀበልሁ። የማኅበሬ ሴቶች «መቼ ነው ጉዞው?» ሲሉኝ «ትኬት ጠፋ» እላለሁ። እኔንም ውሸታም አደረግኸኝ።

ቢራ መሸጥ አሳፍሮኝ አያውቅም። ጠላም ስሸጥ፣ እንግዳ ሰካራም ሲሰድበኝም አላፈርሁም፤ የማፈርበት ጊዜ አልነበረኝም። አሁን ግን አፈርሁ። ወንድሜን አውቀዋለሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደውን ሰው እንኳ ሳይገሥጽ አያናግርም። እንዲያ ያለ ለስላሳ ቃል ከአፉ እንደማይወጣ ልቤ ያውቅ ነበር፤ ስለራበኝ ዋጥሁት። ስድሳ ዓመት የሞላኝ ነጋዴ፣ የሰው ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንሥቼ የማይ ሴት፣ ያንተን ቃል ሳላይ ተቀበልሁ።

ስለ ጠላው ማን ንገር አለው? አርባ ዓመት ለማንም ሳልናገር የያዝሁለት ነገር ነበር።

ከእንግዲህ ስለ እሱ አትጻፍልኝ። ልትጽፍ ከፈለግህ ስለ ራስህ ጻፍ። ሰገነትን ሳምልኝ፤ እሷ ምንም አላጠፋችም።

የብርጓል

---

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

ይህን ደብዳቤ ያመጣልዎት ሰው ቴዎ አይደለም።

ስለ አባባ እንዳልጽፍ አዘውኛል፤ ስለዚህ ስለ ራሴ ብቻ እጽፋለሁ። ያለኝን ሳጥን ይዤ ከወኪሉ ብቻ እገዛለሁ። እናትዓለም ሁለት ወር ፊት ነሥታኝ ነበር፤ ወሬው ደርሷታል። እኔም በየጠዋቱ ሳጥኔን አጥቤ እየሄድሁ ተራ እጠብቅ ነበር። አሁን ትሰጠኛለች። ዕቃ በሌለ ቀን ለደንበኛ ደውዬ «የለኝም፤ ከሌላ ይግዙ» እላለሁ። መጀመሪያ ያሳፍረኝ ነበር፤ እየለመድሁት ነው። ባጃጁ ላይ ስሜን ከነአባቴ ስም አስጽፌያለሁ። ሠርጉ ላይ የነበረ ሰው ሲያየው ይስቃል። ይሳቅ።

ደብዳቤዎን ለአባባ አላነበብሁላቸውም፤ ሰጠኋቸው እንጂ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ራሳቸው ይንገሩዎት። እኔ ፓስፖርት ቢሮ ከማድረስና ሻንጣ ከመግዛት በቀር ምንም አልጨመርሁም፤ ምንም አልቀነስሁም።

ልጅዎ ሣህሉ

---

ጁባ፣ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሣህሉ፤

እንደምን አላችሁ? እኛ ደህና ነን። «እኛ» ብዬ ስጽፍ እጄ ገና አልለመደውም።

ሐሙስ ዕለት ዕቃ የጫነ መኪና መጥቶ በር ላይ ቆሜ አስወርዳለሁ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። አንድ ነጭ የለበሰ ሽማግሌ ከሞተር ወርዶ መጣና ከሠራተኞቹ ኋላ ቆመ። ፀሐዩ ዓይኔን ስለያዘው ፊቱን አልለየሁም። ከአገር የመጣ እንግዳ መስሎኝ «ምን ልስጥዎ አባቴ?» አልሁት። ትክ ብሎ ያየኛል። «ውሃ ነው?» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። ቀዝቃዛ ውሃ አምጥቼ ሰጠሁት፤ ተቀብሎ ሳይጠጣ ብርጭቆውን ይዞ ቆመ። ጠጋ ብዬ ፊቱን አየሁት። ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። እርጅና እንዲህ አድርጎታል?

አልጮኽሁም፣ አላቀፍሁትም። «ግባ፣ ፀሐይ ነው» አልሁት። ሳጥን ገልብጬ አስቀመጥሁት። ሠራተኞቹ ሥራ ፈትተው ሲያዩን «ምን ታያላችሁ? አውርዱ!» አልኋቸው። እኔም አብሬ ሳወርድ ዋልሁ፤ ቆሜ እሱን ማየት አልቻልሁም። እሱም አልተናገረኝም። ሦስት ቀን እንዲህ ሆንን። እሱ ጠዋት ተነሥቶ ከሳጥኖቹ መካከል ዳዊቱን ይደግማል፤ እኔ ሱቅ እከፍታለሁ። ያቀረብሁለትን ይበላል፤ ሲበላ ግን ቀና ብሎ አያየኝም። የማኅበሬ ሴቶች መጥተው እጅ ሲነሡት «ወንድሟ ነዎት?» አሉት። «ነበርሁ፤ ልሆን ነው የመጣሁት» አላቸው። እንደ ቅኔ ቆጥረው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

አንተን ገና አልማርሁህም። በልቤ ያለውን ደብቄ «ይቅር ብያለሁ» ብልህ አንተ የሠራኸውን መሥራት ይሆንብኛል። ቀኑ ሲደርስ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ግን ጻፍልኝ። የክረምቱ መንገድ ዕቃ ያስገባል ወይ? ሳጥኖችህ ስንት ደረሱ? ዝናብ ከመክበዱ በፊት ከየት እንደምትጭን አስብ፤ የባጃጅህን ሸራም አስጠግን።

ትናንት እሑድ ሱቁ ዝግ ነበር። ምሳ ስሠራ መጥቶ ጓዳው በር ላይ ቆመ። ዘወር ስል ጥምጥሙን አውልቆ በእጁ ይዞታል።

«የብርጓል» አለኝ።

«አቤት» አልሁት።

ቅኔ ሲዘርፍ ቃል አጥሮት የማያውቅ ሰው ቃል አጣ።

«አፈርሁ» አለኝ።

ይህችን አንዲት ቃል ለመናገር ነው ከደቅ ጁባ ድረስ የመጣው። ሌላ አልጨመረም። እኔም ሌላ እንዲጨምር አልጠበቅሁም።

«እኔም አፍሬ ነበር» አልሁት። «ግባና ተቀመጥ፤ ሽሮው ሊበርድ ነው።»

ገብቶ ተቀመጠ። በልተን ጨረስን፤ ሳህኑን ላነሣ ስል እጄን ያዘኝ።

አክስትህ የብርጓል